በኩሽኔታ ላይ የቆመችው ፔጆ

አንድን መኪና ለመግፋት ስንት ኪሎ ጉልበት እንደሚፈጅ ማወቅ የፈለግኩት መጀመሪያ ለሥራ ብዬ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ራሱ ያዘኝ። የመኪና ክብደት ሲጠየቅ ሰው ሁሉ አንድ ቶን ወይም ከዚያ በላይ ብሎ ይመልሳል። ያንኑ መኪና በደህና ሲሚንቶ ላይ፣ ጎማው ተነፍቶ፣ አንድ ሰው ብቻውን በትከሻው ሲገፋው ያየ ግን አንድ ቶን የሚገፋ ሰው አላየም። ታዲያ የገፋው ስንት ነው? ይህን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሼፍን ስጠይቀው «የገፋኸውን ያህል ነው» ብሎ ዘጋኝ።

ሼፍ የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ በባቡሩ ወርክሾፕ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ ረጅም ግቢ ተከራይቶ መኪና መጠገን ጀመረ። ሼፍ በፈረንሳይኛ አለቃ ማለት ነው፤ የባቡር ሰዎች ለብዙ ዘመን ሲጠሩት ከርመው ስሙ ሆኖ ቀረ። ጋራዡ ውስጥ የምንሠራው ሁለት ነበርን፣ እሱና እኔ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በድሬዳዋ ልማድ ሼፍን አንተ ነበር የምለው። ወላጆቼ ከደጋ የመጡ ናቸውና እናቴ አንድ ቀን ምሳ ይዛልኝ መጥታ፣ አባቴ የሚሆንን ሰው አንተ ስለው ሰምታ፣ ባዶውን ሳህን ሳትቀበለኝ ተመልሳ ሄደች።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። የማውቀውን ያወቅሁት ከሼፍ እጅና ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ የፈረንሳይኛ የመኪና ጥገና መጽሐፍ ነው። ጽሑፉ ግማሹ አይገባኝም፤ ሥዕሎቹን ግን ዓይኔን ጨፍኜ ልሥላቸው እችል ነበር። ደብተርም ነበረኝ። የፈታሁትን ቡሎን ሁሉ ርዝመቱንና ውፍረቱን፣ ከየትኛው መኪና ከየትኛው ጎን እንደወጣ እጽፍበታለሁ። ሼፍ በደብተሩ ይስቅበታል። ቡሎን ሲጠፋበት ደግሞ «እስቲ ዳዊትህን አምጣ» ይለኛል።

ጊዜው ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ጋራዣችን መኪና ከሚጠገንበት ይልቅ መኪና የሚጠብቅበት ቦታ ሆኖ ነበር። ከግቢው የፊተኛው ግማሽ፣ በበሩ በኩል ያለው፣ የድሮ ሲሚንቶ ነው። የኋለኛው ግማሽ አስፋልት ነው። አስፋልቱን ያለበሱት የመንገድ ሠራተኞች ናቸው። ሼፍ የተበላሸባቸውን መኪና ስለሠራላቸው፣ ከሥራ የተረፈ አንድ ገልባጭ አስፋልት አምጥተው በአካፋ ዘረጉለት። ሬንጁ በዝቷል፣ ጠጠሩ አንሷል፤ ቢሆንም ከአቧራ ይሻላል ተባለ።

በዚያ አስፋልት መሀል አንዲት ፒክአፕ ፔጆ አሥራ አራት ወር በአራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ባለቤቷ መጋላ ሰፈር የምትኖር፣ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ድንች የምትሸጥ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ባሏ ሞቷል፤ ሦስት የልጅ ልጆች ታሳድጋለች። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አደርኛና አማርኛ በአንድ ትንፋሽ ትቀላቅላለች። እኛ አዴ እንላታለን፤ እንደ እናት ማለት ነው። ፔጆዋ ከዓለማያ ሽንኩርት ጭና ስትመለስ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ የኋላ ዲፍረንሻሏ ተሰበረ። የተሰበረውን አውጥተን ጣልነው። አራቱን ጎማዎች አዴ ወስዳ አልጋዋ ሥር አስቀመጠቻቸው፤ ጎማ እንደዚያ በጠፋበት ጊዜ መኪና ላይ ትቶ የሚያድር ሰው አልነበረም። አዲሱ ዲፍረንሻል ከብዙ ፍለጋ በኋላ ተገኝቶ ጅቡቲ እህቷ ቤት ተቀምጧል። በባቡር የሚያመጣው ሰው ብቻ ነበር የሚጠበቀው።

ሰኞ ጠዋት ከቀበሌ ደብዳቤ መጣ። የግቢው የኋለኛ ግማሽ ለኅብረት ሱቁ መጋዘን ስለተፈለገ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ድረስ እንዲለቀቅ ይላል። ድንበሩም ተጽፏል፤ ሲሚንቶው የሚያልቅበት መስመር። በዚያ ሰዓት ከመስመሩ ወዲያ የተገኘ መኪና የተጣለ ንብረት ተብሎ ለብረታ ብረት ይሰጣል።

ሌሎቹ መኪኖች ጎማ ስላላቸው በአንድ ቀን ገፍተን ወደ ሲሚንቶው አሸጋገርናቸው። ፔጆዋ ቀረች። አዴ ማክሰኞ ማለዳ መጣች። ደብዳቤውን ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ ጣቷን ወደ ፔጆዋ ቀሰረች።

«ይቺ ካለች ሽንኩርቴን ራሴ አመጣለሁ» አለች። «ከሌለች የሰው መኪና ልለምን ነው። ባለ መኪናው ሽንኩርቱን ይወስዳል፣ ለእኔ ልጣጩ ይተርፈኛል። ስንት ሰው ነው የሚያስፈልግህ ሼፍ? ከቀፊራ ሃያ ኩሊ አመጣልሃለሁ፤ እንደ አስከሬን ተሸክመው ያወጧታል።»

«በሰው ትከሻ መኪና አላነሳም» አለ ሼፍ።

ለምን እንደማያነሳ ሁላችንም እናውቃለን። ከዓመታት በፊት አሥር ሰው መኪና ተሸክሞ ሲሄድ አንዱ ተደናቅፎ፣ መኪናው የወረደው በሼፍ ግራ እግር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያነክሳል።

መኪናዋ የምትገባበት ቦታም ችግር ነበር። ሲሚንቶው ሞልቶ የቀረው ክፍት ቦታ ከግራው ግድግዳ ሥር ነው፤ ከፔጆዋ ርዝመት የሚበልጠው በአንድ ክንድ ብቻ። ቀጥ ብላ ወደፊት ከመጣች በኋላ ወደ ጎን መሄድ አለባት። የአዴን ጎማዎች ከአልጋ ሥር አውጥተን ከፊት ብንገጥምላት እንኳ ከኋላ መግጠሚያው ከዲፍረንሻሉ ጋር ወጥቷል፤ ደግሞም ጎማ ወደ ጎን አይሄድም።

ያን ጊዜ መጽሐፌን አመጣሁ። አንድ ሥዕል ነበረበት። ኮፍያ ያደረገ ሰው አንዲት መኪና በአንድ እጁ ወደ ጎን ይገፋል፤ በአራቱ ጎማዎች ሥር አራት ትንንሽ ጋሪዎች አሉ፤ የጋሪዎቹ እግሮች ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞሩ ናቸው። ሥዕሉን ለዓመታት ሳየው ሰውዬው ሌላ እጁን ኪሱ ውስጥ መክተቱ ይገርመኝ ነበር።

ሼፍ መነጽሩን አድርጎ አየው። «ፈረንሳይ አገር ሲሣል ሁሉም ነገር ቀላል ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን «እግሩን ከምን ትሠራዋለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሼፍ እንዲህ ከጠየቀ ሐሳቡን ወዶታል ማለት ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ሥራ የሚሠራው በጠዋት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ሁሉ ይዘጋል፤ ምሳ ይበላል፣ ከምሳ በኋላ ጫት ይቃማል፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ የቻለ ይመለሳል። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት ሳይገባደድ ቀፊራ ደርሼ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎቹን አንድ በአንድ ዞርኳቸው። ሦስት ዓይነት እግር ይዤ ተመለስኩ።

አንደኛው ከተሰበረ የሆስፒታል አልጋ የወጡ ትንንሽ የላስቲክ ጎማዎች ናቸው። በራሳቸው ይዞራሉ፣ ድምፅ የላቸውም፣ ሳያቸው ደስ አሉኝ። ሁለተኛው የጣቢያ ሻንጣ ጋሪ የነበሩ የብረት ጎማዎች ናቸው፤ ስፋታቸው አራት ጣት ያህል ነው፣ መሀላቸው ዝጓል። ሦስተኛው የከባድ መኪና አሮጌ ኩሽኔታዎች ናቸው፤ ልጆች ከጣውላ ሥር ገጥመው በቁልቁለት የሚንሸራተቱባቸው ዓይነት፣ ግን ተለቅ ያሉ። ኩሽኔታን በጣት መትቶ ማሽከርከር ደስ የሚል ነገር ነው። አንዱን መታሁትና እስኪቆም ስንት እንደምቆጥር ለማወቅ ቆጠርኩ። ሰማንያ ሁለት ላይ ቆመ። ነጋዴው የምገዛ አልመሰለውም።

ሚዛን ግን አልነበረኝም። አዴን ለመንኳት። ከገበያዋ የመንጠልጠያ ሚዛኗን ይዛልኝ መጣች፤ ከላይ ቀለበት፣ ከታች መንጠቆ ያለው፣ ፊቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ነው።

«መኪና በሚዛን ልትሸጠው ነው?» አለችኝ።

«የምስበውን ጉልበት ይነግረኛል» አልኳት። «መንጠቆውን ከጋሪው አያይዤ ቀለበቱን እስባለሁ። ጋሪው ሲንቀሳቀስ ቁጥሩን አነባለሁ።»

ትንሽ አሰበች። «ወላሂ፣ ለአህያዬ ይህን ባውቅ ኖሮ» አለች።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሙከራ ጀመርን። የመኪናዋን ሩብ ክብደት ለማግኘት በሙከራው ጋሪ ላይ አሮጌ ካምቢዮና የፍሬን ከበሮዎች ደረደርኩ። አልበቃ ሲለኝ ሼፍን ከላይ እንዲቀመጥ ለመንኩት። እሱም የቡና ብርጭቆውን እንደያዘ ወጥቶ ተቀመጠ። ሁለታችንን ያየን በያጁ ነበር፤ ጎረቤታችን የሆነ፣ ብየዳ ቤቱ ከእኛ ግድግዳ ወዲያ ያለ፣ ሶማሊኛ ተናጋሪ ጎልማሳ። እሱን የጠራነው ጋሪዎቹን እንዲበይድልን ነው።

«ዋርያ፣ ነጋዴው» አለኝ ሚዛኑን አይቶ፤ ዋርያ በሶማሊኛ አንተ ሰውዬ እንደማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ስሜ ነጋዴው ሆነ። «ሼፍ በኪሎ ስንት ነው?»

በመጀመሪያ የሆስፒታሉን ሞከርን። ገና ሳልስበው የአንዱ ላስቲክ ተሰንጥቆ ወጣ።

«በሽተኛ ነው የለመደው» አለ በያጁ። «ጤነኛ ሰው አይችልም።»

በብረት ጎማዎቹ ሚዛኑ አሥራ ሦስት ኪሎ አነበበ። በኩሽኔታዎቹ ስምንት ተኩል። ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ፣ በመጀመሪያ በሲሚንቶው ላይ፣ ከዚያ በአስፋልቱ ላይ ሞከርኳቸው። በአስፋልቱ ላይ ቁጥሩ በጥቂቱ ነው የጨመረው። ሁሉንም ጻፍኩ፤ የእግሩን ስፋት፣ የጭነቱን ክብደት፣ ሚዛኑ ያነበበውን። ያን ጊዜ የተሰማኝን አልረሳውም። ለዓመታት ስጠይቀው የነበረው ነገር ቁጥር ሆኖ ደብተሬ ላይ ተቀምጧል። አራቱን ሩብ ብደምረው ፔጆዋን በሲሚንቶ ላይ ለማንቀሳቀስ ሠላሳ አራት ኪሎ ጉልበት ይበቃል። የአንድ ጆንያ ድንች ግማሽ እንኳ አይሆንም።

ሼፍ ከጋሪው ወርዶ ከብረት ጎማዎቹ አንዱን አነሳ።

«እኔ ይህን እወዳለሁ» አለ። «ሰፊ ነው። ሰፊ ነገር ሲሸከም አይጨነቅም።»

«ሚዛኑ ግን ኩሽኔታው ይቀላል ይላል። በአምስት ኪሎ ገደማ። የብረቱ መሀል ስለዛገ ነው።»

«ሚዛኑ ካለ እንግዲህ።» ጎማውን መሬት ላይ አስቀመጠው። «አንተ ምረጥ። ከመረጥክ ግን ቅዳሜ ከፊት የምትስበው አንተ ነህ።»

ኩሽኔታውን መረጥኩ።

ሐሙስ ጋሪዎቹን መበየድ ተጀመረ። በያጁ «ጫማ» ብሎ ሰየማቸው። አንዱ ጫማ አራት ማዕዘን ወፍራም ብረት ነው፤ ከላዩ የመኪናዋን አካል የሚቀበል የእንጨት ትራስ አለው፤ ከሥሩ ሦስት እግሮች። እያንዳንዱ እግር ኩሽኔታ የታቀፈ የብረት ሹካ ሲሆን ሹካው ራሱ በሌላ ትንሽ ኩሽኔታ ላይ ስለተሰካ ወደፈለገበት ይዞራል። የሹካውን ቁመት እኔ ለካሁ። አሥራ ሁለቱም እኩል ካልሆኑ ጫማው አጋድሎ ጭነቱ በአንዱ እግር ላይ ይበዛል ብዬ በያጁን ሁለቱን እንደገና አስቆረጥኩት። ስድቡን በሶማሊኛ ስለተሳደበ አልተረጎምኩትም።

ዓርብ መብራት ጠፋ። ቀኑን ሙሉ አልመጣም። አዴ ጠዋትም ከሰዓትም መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ የብየዳ ቤቱን አምፖል እያየች ተመለሰች። መብራቱ የመጣው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የመጨረሻው ሹካ ተበይዶ ሳይቀዘቅዝ በጨርቅ ይዘን ስናመጣው አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። ፔጆዋን በክሪክ እያነሳን አራቱን ጫማዎች ከሥሯ አስገባን። ድንጋዮቹን ሳወጣ እያንዳንዳቸው አስፋልቱ ውስጥ ግማሽ ጣት ያህል ሰጥመው ነበር። አሥራ አራት ወር ብዙ ጊዜ ነው ብዬ አለፍኩት። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ዝግጁ ሆንን። ከፊት እኔ በገመድ፣ ከኋላ ሼፍና በያጁ፣ በጎን አዴ።

ፔጆዋ ስትነሳ እንደ ቀላል ነገር ነው የመጣችው። በያጁ ሳቀ። አንድ እርምጃ ያህል ሄደች። ከዚያ ቆመች።

ገመዱን ሳብኩ። ገፉ። ንቅንቅ አላለችም። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የፊተኞቹ ስድስት ኩሽኔታዎች ሬንጁ ውስጥ ገብተዋል፤ እንደ ቢላዋ ቆርጠውት ነው የገቡት። የኋለኞቹን አየሁ። እነሱ ምንም አልሆኑም፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ቆመዋል። ለምን? መሬት ላይ ተኝቼ ከመኪናዋ ሥር እጄን ዘርግቼ ዳሰስኩ። ከሥሯ ያለው ቀዝቃዛና ጠንካራ ነው። ከፊቷ ያለው በጣቴ ስጫነው ጎደጎደ። ፔጆዋ የመጀመሪያዋን እርምጃ የተራመደችው በራሷ ጥላ ውስጥ ነበር። ከጥላዋ ስትወጣ ሰጠመች።

ድሬዳዋ የተወለደ ሰው ሁሉ በቀትር አስፋልት ጫማ እንደሚይዝ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ ልጅ ሆኜ ሰንደሌ ተነቅሎ ቀርቶብኛል። ግን በቀትር የሚሠራ ሰው ስለሌለ በቀትር የሚሞክርም የለም። ደብተሬ ውስጥ ስፋት አለ፣ ክብደት አለ፣ ኪሎ አለ። ሰዓት የሚል መስመር የለም።

«ሰዓት አልጻፍኩም» አልኩ፤ ለማን እንደምናገር አላውቅም።

«አሁን ጻፈው» አለ በያጁ። «አምስት ተኩል ነው።»

ሼፍ ባልዲ ውሃ አምጥቶ ደፋበት። ውሃው እየተነነ ሄደ፣ ሬንጁ እንደነበረ ቀረ። በብረት ዘንግ ከኋላ ለማንሳት ስንሞክር አንዱ ሹካ ተጣመመ። አዴ የፔጆዋ ኮፈን ላይ እጇን አሳርፋ ነበር፤ ብረቱ እንደሚያቃጥል የገባኝ በኋላ መዳፏን ስትነፋ ሳያት ነው።

«አብሽር» አለችኝ። «ድንጋጤህን ተወውና አስብ። አንተ ነህ የምታስበው።»

የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሲሚንቶ ላይ ኩሽኔታው ስምንት ኪሎ ተኩል ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሌላ እግር ሳይሆን ሌላ መሬት ነው። እስከ ሲሚንቶው ያለውን በእርምጃ ለካሁ፤ ስድስት ሜትር ከምናምን። ወፍራም ላሜራ ቢኖር ይነጠፍ ነበር። ቀና ስል ዓይኔ የግቢው በር ላይ አረፈ። ሁለት ክንፍ ነው፣ ወፍራም ላሜራ፣ የባቡር ወርክሾፕ ሥራ።

«ሼፍ፣ በሩ» አልኩት።

በሩን አየ። እኔን አየ። «ማጠፊያው ግራሶ ጠጥቷል፣ በቀላሉ ይወጣል» አለና ዘንጉን ይዞ እያነከሰ ሄደ።

ሁለቱን ክንፎች ከማጠፊያቸው ነቅለን አመጣናቸው። የዕቃ ቤቱንም በር ነቀልነው። የፔጆዋን ፊት በክሪክ አንስተን የመጀመሪያውን ክንፍ ከኩሽኔታዎቹ ሥር አስገባን፣ ሁለተኛውን ከፊቱ ዘረጋን፣ የዕቃ ቤቱን በር ከሁለተኛው አስከትለን ሲሚንቶው ላይ አደረስነው። የኋለኞቹ እግሮች እስከ ላሜራው የሚሄዱት ጥላ ውስጥ በቆየው ጠንካራ አስፋልት ላይ ነው። የተጣመመውን ሹካ በያጁ በመዶሻ አቃናው። ላሜራውን በእጅ መያዝ አይቻልም ነበር፤ አዴ ነጠላዋን ለሁለት ቀዳ አንዱን ለእኔ አንዱን ለሼፍ ሰጠችን።

ገፋን። በላሜራ ላይ ኩሽኔታ የሚያሰማው ድምፅ የባቡር ፉርጎ ከሩቅ ሲመጣ የሚሰማው ዓይነት ነው። ፔጆዋ መጣች።

የፊተኞቹ ጫማዎች ሲሚንቶው ላይ እንደወጡ የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት ኮሚቴዎች ጋር ገባ። በር በነበረበት ቦታ ቆሞ ግራና ቀኝ አየ።

«በራችሁ የት ሄደ?»

«ተኝቷል ጓድ» አለ በያጁ። «ሙቀቱ በርትቶበት ነው።»

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ሰዓቱን አየ። «ስድስት ሰዓት ሆኗል» አለ። «ድንበሩ ሲሚንቶው ነው ብለናል። ይቺ ገና ግማሿ ወዲያ ነው።»

መግፋታችንን አቆምን። እውነቱን ነው። የፊተኛው ግማሽ ሲሚንቶ ላይ ነው፣ የኋለኛው ላሜራ ላይ። ሼፍ ላቡን በተቀደደው ነጠላ ጠረገ። አዴ ከጎኑ መጥታ ቆመች።

«እሺ ልጄ» አለች። «የቀበሌው ድርሻ የኋለኛው ግማሽ ነው። ውሰድ። ዲፍረንሻል የለውም፣ ጎማ የለውም፣ የኋላ መብራቱም አንዱ ተሰብሯል። እኔ ፊቱን ይዤ እሄዳለሁ። መጋዝ ስጡት።»

ከኮሚቴዎቹ አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሊቀመንበሩ ሲጋራ አወጣ። ለመለኮስ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። «ግፉ» አለ በመጨረሻ፣ ወደ እኛ ሳያይ።

ገፋን። የኋለኞቹ እግሮች ሲሚንቶው ላይ እንደወጡ ሁሉም ነገር ተለወጠ። ገመዱን ጣልኩት፤ አላስፈለገም። ፔጆዋ ቀጥ ብላ መጣች፣ ቆመች፣ ከዚያ ሼፍና እኔ ጎኗን ስንነካት አሥራ ሁለቱ እግሮች አንድ በአንድ ዞሩና ወደ ጎን ተጓዘች፤ እንደ ሸርጣን። ግድግዳው ሥር ገባች። ሊቀመንበሩ ሲጋራውን ረስቶት አመዱ ረዝሟል። ቀረብ ብሎ በአንድ እጁ ገፋት። መጣችለት። መልሶ ገፋት።

«ይሄ ነገር ስንት ኪሎ ይሸከማል?» ብሎ ጠየቀ፣ በሌላ ድምፅ።

ሼፍ ወደ እኔ አመለከተ። የማውቀውን ነገርኩት።

«ሰኞ የኅብረት ሱቁ ወፍጮ ይመጣል» አለ ሊቀመንበሩ። «ከነሞተሩ። እዚህ መጋዘን ነው የሚገባው። መኪናዋን ድንጋይ ላይ መልሷትና እነዚህን ለሁለት ቀን አውሱን።»

ሼፍ ሊመልስ ሲል አዴ ቀደመችው። የፔጆዋን የኋላ መዝጊያ አውርዳ ተቀመጠችበት፤ ጫማዎቹ ከሥሯ ባሉ መኪና ላይ እንደዚያ መቀመጥ ትንሽ ያስፈራል፣ እሷ ግን አልፈራችም።

«አይሆንም» አለች።

«ሁለት ቀን ነው እናቴ።»

«ድንጋይ ላይ ስለነበረች ነው የተጣለች ያላችኋት። አሥራ አራት ወር ድንጋይ ላይ ሆና ማንም የእገሊት ናት አላለም። አሁን ትሄዳለች። ራስህ በአንድ እጅህ ገፍተሃታል። የሚሄድ ነገር አልተጣለም። ዲፍረንሻሌ እስኪመጣ ከዚህ አትወርድም።»

ሊቀመንበሩ ሼፍን አየው። ሼፍ ትከሻውን ሰበቀ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ።

«ሌላ ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጅብሃል?»

«ወፍጮውን የምትገፉት በስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።

ጥያቄው አልገባውም። ለእኔ ግን ከዚያ ሌላ ጥያቄ አልነበረም።

ሁሉም ለምሳ ሲሄዱ ቀረሁ። በሮቹን መልሰን መስቀል ስለነበረብን ሼፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር፤ የምሠራውን አይቶ አልጠራኝም። የብረት ጎማዎቹን በሙከራው ጋሪ ላይ ገጠምኩ፣ ካምቢዮውንና ከበሮዎቹን፣ በሼፍ ፋንታም የፔጆዋን ድንጋዮች ጫንኩ፣ ወደ አስፋልቱ ወሰድኩት። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሳብኩ። ሚዛኑ ሠላሳ አንድ ላይ ደረሰና ጋሪው ተንቀሳቀሰ፤ ሰፊው ብረት ሬንጁን ደፈጠጠው እንጂ አልቆረጠውም። ኩሽኔታዎቹን ገጥሜ ሳብኩ። ሚዛኑ እስከ ሃምሳ ድረስ ነው የሚያነበው። ሃምሳ ደርሶ አለቀ፣ ጋሪው አልተነቃነቀም። ደብተሬ ላይ አዲስ መስመር አሰመርኩና ከቁጥሩ ፊት ሰዓቱን ጻፍኩ።

«ሰፊ ነው ብዬህ ነበር» አለ ሼፍ ከጥላው።

«ሬንጁን አስበህ ነበር?»

«አይ» አለ። «ሰፊ ነገር ስለምወድ ነው።»

ለወፍጮው ሰፊ የብረት እግር ያላቸው ሌሎች ጫማዎች ሠራን፣ መሀላቸውን አጥበን፣ ግራሶ ቀብተን። ሊቀመንበሩ በማለዳ ገፋው።

የአዴ ዲፍረንሻል ከጅቡቲ የመጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በየሳምንቱ ዓርብ፣ ገበያ ከመክፈቷ በፊት፣ ወደ ጋራዡ ትመጣ ነበር። ሰላምታ ሰጥታን ዘንቢሏን መሬት ላይ ታስቀምጥና ፔጆዋን በአንድ እጇ አንድ ስንዝር ወደፊት፣ አንድ ስንዝር ወደኋላ ትገፋታለች። ከዚያ ኮሚቴዎቹ መጋዘኑ በር ላይ ካሉ ማየታቸውን አረጋግጣ ዘንቢሏን ታነሳለች።